ሁለት ሊትር ነጭ ጋዝ

ቮልስን መጀመሪያ ያወቅኋት ከኋላዋ ተኝቼ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ አጎቴ የመሥሪያ ቤት ጓደኛውን መኪና ተውሶ ደብረ ዘይት ሊወስደን መጣ። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አራት ሰው ተሳፈረና ለእኔ ቦታ ጠፋ። እናቴ «እሱ እንግዲህ ይቅር» ስትል ለቅሶዬ ሊመጣ ሲል፣ አጎቴ ከኋላው ወንበር መደገፊያ ጀርባ፣ ከመስታወቱ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ የዕቃ ማስቀመጫ አሳየኝ። ኩርምት ብዬ ተኛሁባት። ሞተሩ ከአንድ ላሜራ ወዲያ ነበር። ሙቀቱ ሹራቤን አልፎ ሆዴ ድረስ ይመጣል፤ ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ይርገበገባል። ሌሎቹ ቃሊቲን፣ አቃቂን፣ ዱከምን ከፊት ሲመጡ አዩ፤ እኔ በኋላው መስታወት ሲሸሹ አየኋቸው። ሐይቁ ዳር ስንደርስ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ቀስቅሰው ሲያወጡኝ ሆዴን በረደኝ።

ከዚያ በኋላ የማውቃት የጎረቤታችን የነርሷ ቮልስ ነች። የቆዩት ቮልሶች ባትሪያቸው ባለ 6 ቮልት ስለነበር የሐምሌ ጠዋት ሞተሪኖው አንዴ አቃስቶ ዝም ይላል። እትዬ ነጭ ጋውናቸውን እንደለበሱ በር ላይ ቆመው «ልጆች!» ሲሉ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ተጠራርቶ ይወጣል። ቁልቁለቱን እንገፋለን፤ እሳቸው ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ሲለቁት መኪናዋ አንዴ ትንገጫገጭና ትነሳለች። የጭሷ ሽታ ሹራቤ ላይ ቀርቶ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለኝ ነበር።

አባቴ ደግሞ ቮልስ ባየ ቁጥር መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ትዝ ይለዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው የወረዱ ዕለት ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። አባቴ ስለ ፖለቲካው ምንም አይልም። «ሁለት በር ብቻ ናት፤ የፊቱን ወንበር አጥፎ ጎንበስ ሳይሉ ከኋላ አይገባም» ይልና ዝም ይላል።

በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ደመወዜን የሚደግፉልኝ ማታ ማታ የማስጠናቸው ልጆች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ጉለሌ ውስጥ ከአያቱ ጋር ይኖር ነበር። ግቢያቸው ውስጥ፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣ በተቀዳደደ ሸራ የተሸፈነ ነገር አለ። ጀርባዋ ወደ መሬት ሲጎብጥ ብቻ አይቼ አወቅኋት። ሸራውን ገለጥ ሳደርግ አንዲት ዶሮ ከኋላው ወንበር ተነስታ እየጮኸች በመስኮት ወጣች። አራቱም ጎማ መሬት ላይ ተኝቷል። ቀለሟ የት እንደሚያልቅና ዝገቷ የት እንደሚጀምር አይለይም።

የባለቤታቸው ነበረች፤ እሳቸው ከሞቱ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር። «ሶማሌ ተራ ወስደው ሊበትኗት የመጡ ሰዎች አሥራ አንድ ሺህ ብር ሰጥተውኛል» አሉኝ እማማ። «አንተ ምን ልታደርጋት ነው?»

«ልነዳት ነው፣ እማማ።»

«ለስፔር አትበትናትም?»

«አልበትናትም።»

ፊቴን ረጅም ጊዜ አዩት። በዘጠኝ ሺህ ሰጡኝ። እኔም ያለኝ እሱ ብቻ ነበር፤ 30 መምህራን በወር ሦስት ሦስት መቶ ብር የምንጥለው እቁብ በሰባተኛው ወር ወጥቶልኝ። ሊብሬዋን በላስቲክ ጠቅልለው ከቁም ሣጥን አወጡልኝ። በሩ ድረስ ሸኙን፤ አይሱዙው ላይ ስትጫን ግን ላለማየት ተመልሰው ገቡ።

ማን ዘንድ እንደምወስዳት የነገሩኝ የልጅነቴ ነርስ ናቸው። የእሳቸውን ቮልስ ሠላሳ ዓመት የያዙላቸው ሽማግሌ መካኒክ ቄራ አካባቢ፣ በቆርቆሮ የታጠረች ግቢ ውስጥ ይሠሩ ነበር። በልጅነታቸው አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ አቀባይ ሆነው የጀመሩ ናቸው። የከተማችን የጋራዥ ቋንቋ ከየት እንደመጣ እሳቸውን ሰምቶ ማወቅ ይቻላል፤ ካቻቢቴ፣ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኮፒሊያ ሲሉ ቃሉ አፋቸው ውስጥ ገና እንደተቀረጸ ነው። የጀርመን መኪና በጣሊያን ስም እየተጠራች በአማርኛ ትጠገናለች። ይህን ነገር በጣም ነው የምወደው።

«ስንት አለህ?» አሉኝ፣ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞረው ካዩ በኋላ።

«አሁን ምንም የለኝም፣ ጋሼ። በወር አራት መቶ ብር ማውጣት እችላለሁ።»

ይመልሱኛል ብዬ ነበር። «ይበቃል» አሉ። «ጊዜ አለህ ወይ?»

ደብተሬን አውጥቼ ያሰብኩትን አሳየኋቸው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቁጥር አንድ ቀለም፣ ከዚያ የወንበር ልብስ፣ ከዚያ የፓራውልት ኒኬል ብዬ ጽፌ ነበር። አነበቡት። አልሰረዙትም። ደብተሩን ገለበጡና ከመጨረሻው ገጽ በኩል ጀምረው በራሳቸው እስክሪብቶ ጻፉ፤ ወለል፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ኤሌክትሪክ፣ ሞተር። «እኔ ከዚህ እመጣለሁ፣ አንተ ከዚያ ና። መሐል ላይ እንገናኛለን። ቅዳሜ ስትመጣ ሁለት ሊትር ነጭ ጋዝ፣ አንድ የሽቦ ብሩሽና ያገኘኸውን ያህል የኒዶ ጣሳ ይዘህ ና። የራሷን ሳታጥብ የሌላ አትግዛላት።»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሌላ ምንም አልሠራሁም። የተፈታው ብሎንና ዳዶ ሁሉ በየጣሳው ይገባል፤ በጣሳው ላይ «የፊት ግራ ፓራፋንጎ»፣ «የኋላ ቀኝ በር» ብዬ እጽፋለሁ። ነጭ ጋዝ እናፈስበታለን። ሳምንቱን ሙሉ ያድራል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝገቱ እንደ ረጠበ ቡና አተላ ይለቃል፤ ብሩሹን ሳስኬደው ከሥሩ ጥርሱ ያልተነካ ብሎን ይወጣል። ከአሥሩ ስምንቱ መልሶ የሚገጠም ነበር። ከእጄ የነጭ ጋዙ ሽታ አልለቅ ብሎ ተማሪዎቼ ጠመኔ ስይዝ ይስቁብኝ ነበር፤ እኔም ሽታውን ጠላሁት አልልም።

ወለሉን የከፈትንበት ቀን ከሁሉ ቀን ይልቅ በዓይኔ ላይ አለ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላው ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ጋሼ ወንበሩን አነሱና ካቻቢቴውን በጣታቸው ጫፍ ያዝ አድርገው ባትሪው የነበረበት ቦታ ላይ ለቀቁት። አልወረወሩትም፣ ለቀቁት ብቻ። ብረቱን አልፎ መሬት ላይ ተተከለ። «አሲድ ነው» አሉ፤ «ባትሪ ያንጠባጥባል፣ ዝናብ ይጨምርበታል፣ ወንበር ይሸፍነዋል። ላይዋን ቀለም ብትቀባት ኖሮ አንድ ቀን የኋላው ሰው ከነወንበሩ አስፋልት ላይ ይቀመጥልህ ነበር።» የባትሪው አናት ሳይሸፈን ወንበሩ ተመልሶ ከተጫነበትም የወንበሩ ሞላ ሁለቱን ጫፍ አገናኝቶ እሳት እንደሚያስነሳ የዚያኑ ቀን አስተማሩኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ባትሪዬ ላይ ወፍራም ጎማ ሳላለብስ ወንበር አልመልስም።

ያችው ወንበር እንደተነሳች «እስቲ እዚህ ላይ ብሩሽ አምጣ» አሉኝ። መሐል ለመሐል የሚያልፈውን የወለሉን ጉብታ ጠረግሁት። አቧራ፣ ከዚያ የደረቀ ግሪስ፣ ከዚያ የዶሮ ላባ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ቁጥሮች ወጡ። 115 ብሎ ይጀምራል። «11 ቮልስ መሆኗ ነው፣ 5 የ65 ሞዴል መሆኗ ነው» አሉ ጋሼ። ሊብሬው ላይ እ.ኤ.አ. 1967 ተብሎ ነበር። እኔ ካሰብኩት በሁለት ዓመት ትበልጥ ነበር፤ 1192 ሲሲ ሞተር፣ 34 የፈረስ ጉልበት፣ 6 ቮልት። የሻንሲ ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ስገለብጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስም የማወቅ ያህል ነው የተሰማኝ።

ወለሉን ከአዲስ ላሜራ ቆርጦ፣ እንደ ድሮው ሸንተረር እያወጣ የቀጠቀጠልን በዚያው ግቢ የሚሠራ የባትላሜራ ባለሙያ ነው። ሸንተረሩ ለጌጥ አይደለም፤ ስስ ላሜራ የሰው ክብደት የሚሸከመው በእሱ ነው። የሦስት ወር ገንዘቤን በላው።

ከዚያ የፍሬኑ ነገር መጣ። እዚህ ላይ ነው ስለ ቁጠባ ያለኝ አስተያየት የተለወጠው። እስከዚያ ድረስ ሁሉን ነገር አጥቦ መመለስ የሚቻል መስሎኝ ነበር። በእሷ ዘመን የቮልስ ፍሬን ዘይት የሚሄደው በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ ከአራቱ የጎማ ቱቦ አንዱ ቢፈነዳ አራቱም እግር ላይ ፍሬን የለም። ጋሼ አራቱንም ቱቦ በቢላዋ ከሁለት ቆረጧቸው። «እንዳይፈትንህ» አሉ። አዲሶቹን ለመግዛት ሁለት ወር ቆየሁ። ያን ሁለት ወር መኪናዋ ድንጋይ ላይ ቆማ ቀረች፤ ሌላ ሥራም አላስነኩኝም።

በዚያ መሐል ነበር ያልነገርኳቸውን ነገር ያደረግሁት። ሶማሌ ተራ ስዞር ጥንድ የፊት ፓራፋንጎ አየሁ። ዝገት የለበትም፣ እንደ መስታወት ያበራል። ከጓደኛዬ ተበድሬ በሰባት መቶ ብር ገዛሁት። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ የእኛን አሮጌ ፓራፋንጎ አምጥተው ከአዲሱ ጎን መሬት ላይ አስቀመጡት። ያኔ ብቻ ታየኝ። የእኛው የመብራት መግጠሚያ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ ነው፤ የገዛሁት ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 ወዲህ የመጡት መብራታቸው እንደዚያ ነው። «ይገጥማል» አሉ፣ «ግን የሌላ ሰው ዓይን ይሆንባታል።» ሻጩ ሁለት መቶ ብር አስቀርቶ ተቀበለኝ። ሁለት መቶ ብር ለእኔ ያኔ የግማሽ ወር መኪና ነበር። የራሷ ፓራፋንጎ ከውስጥ በኩል እየተደበደበ፣ የተበላው ጠርዙ ተቆርጦ እየተበየደ አምስት ቅዳሜ ፈጀ። ግራው ላይ ትንሽ ጎርበጥ ያለ ቦታ ቀርቷል። መዳፌን ሳስኬድበት ይሰማኛል፤ ደስም ይለኛል።

ሶማሌ ተራን ስጠራ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንድ ቀን የበር እጀታ ፍለጋ ሄጄ ቮልስ ሲበተን ቆሜ አየሁ። ኮፈኗ ወጣ፣ በሮቿ ወጡ፣ መስታወቷ በጥንቃቄ ተነቅሎ በጆንያ ተጠቀለለ፤ ከሰዓት በኋላ አካባቢ የቀረው ወለሉና መሪው ብቻ ነበር። የሚበትኑት ወጣቶች ሥራቸውን የሚያውቁ፣ አንድ ብሎን የማያበላሹ ናቸው። የበሩን እጀታ ከእሷ ገዛሁ። እማማ ጉለሌ ላይ የጠየቁኝ ቃል ያን ጊዜ በጆሮዬ መጣ። የእኔዋ ሙሉ ሆና እንድትቆም ሌላዋ ተበትናለች። ፋብሪካው የመጨረሻዋን ቮልስ ሜክሲኮ፣ ፑብላ ከተማ ያወጣው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል፤ ከእንግዲህ ግን አይጨመርባቸውም። በሩን በከፈትሁ ቁጥር ያችን አስባታለሁ።

ሞተሩን ያወረድነው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ሞተር ማውረድ ትልቅ ነገር ይመስለዋል። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው። የቤንዚን ቱቦውን፣ ሽቦዎቹንና የነዳጅ መስጫውን ገመድ ካላቀቅን በኋላ ከሥሩ አሮጌ ጎማ አስገባን፤ ወደ ኋላ ሳብ ስናደርገው ጎማው ላይ ተቀመጠ። ሦስት ሰው የመኪናዋን ጭራ ብድግ አድርጎ ወደፊት ወሰዳት። ሞተሩ ፀሐይ ላይ ብቻውን ቀረ።

ካንዴላዎቹን ስንፈታ አራቱም ጥላሸት የለበሱ ናቸው። «ዘይት ትበላ ነበር ማለት ነው?» አልኩ። ጋሼ አንዱን በጥፍራቸው ፈቅፈቅ አድርገው አሳዩኝ፤ ደረቅ ነው። «ዘይት ቢሆን ይረጥባል። ይሄ የቤንዚን ብዛት ነው። ካርቡራተሯ ከመጣችበት አገር ልኩ አልተለወጠም።» አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየራችን ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ቤንዚኑ ግን በዚያው በጀርመን ልክ ይፈስሳል። ስንት ዓመት የአየር ግፊትን በጠመኔ ሳስተምር ኖሬ ጥላሸቱን በጣቴ የነካሁት ያን ቀን ነው። ቤንዚኑን የምታሳልፈው ጅግለሯ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳዋ ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ መሆኑን ነገሩኝና አነስ ያለች ፈልገን አገባንላት። ሰኞ ዕለት ካንዴላዎቹን ይዤ ክፍል ገባሁ፤ የዚያን ዕለት የሳቀ ተማሪ አልነበረም።

ቴስታውን ከማንሳታቸው በፊት «ሦስተኛው ነው» አሉ። የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ጠርዙ ተቃጥሎ እንደ ተነከሰ ዳቦ ሆኖ ወጣ። እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው። ዘይት ማቀዝቀዣው ከሦስተኛው ሲሊንደር አናት ላይ ነው ያለው፤ ማራገቢያው የሚልከው ነፋስ እሱን አልፎ፣ ሞቆ፣ ቀንሶ ነው የሚደርሰው። በውሃ የማትቀዘቅዝ መኪና አንዷ ልጇ ሁልጊዜ ትተኩሳለች። እሷን ማወቅ ነው።

ስለ ጋሼ ስናገር የኋላ ቸርኬውን ዳዶ ሳላነሳ አልቀርም። ባለ 36 ቁልፍ ነው፤ በጣም ጠብቆ ነው የሚታሰረው። ከተዋስኩት መመሪያ መጽሐፍ ላይ 30 ሜትር ኪሎግራም ያህል ይላል። ይህን የሚለካ መሣሪያ ግቢው ውስጥ የለም። ጋሼ ቁልፉን ዳዶው ላይ አግብተው፣ የውሃ ቱቦ አጥልቀውበት፣ ከዳዶው ግማሽ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ምልክት አደረጉ። ቱቦው ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን ምልክቱ ላይ በአንድ እግራቸው ወጡ፣ ሌላውን አነሱ፣ ቆሙ። ቱቦው ትንሽ ወረደ፣ ቆመ። ወረዱ። «ያዘ» አሉ።

«ክብደትዎ ስንት ነው ጋሼ?»

«ስልሳ።»

ስልሳ በግማሽ ሜትር። ደብተሬ ላይ ጻፍሁት፤ ሠላሳ ሆነ። አሳየኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ጣሊያኑ እኔን ሲያስተምረኝ ወፍራም ነበር» አሉ፤ «እሱ ከዚህ ጠጋ ብሎ ነበር የሚቆመው፤ እኔ ስረዝምና ስከሳ ምልክቱን ወደ ውጭ ወሰድሁት።» ከዚያ ኮፒሊያውን አግብተው ጫፉን አጠፉት።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ማታ ሞተሩ ተመልሶ ገባ። መኪናዋ ቀለም የላትም፤ እዚህም እዚያም ግራጫ የዝገት መከላከያ የተቀባች፣ ወንበር የሌላት፣ እኔ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጬ መሪ የያዝሁባት ነበረች። 2 ሊትር ተኩል ዘይት ጠጣች። ሞተሪኖው አንዴ፣ ሁለቴ አዞረ። በሦስተኛው ያዘች። ያ ድምፅ ከኋላዬ መጥቶ ሣጥኑን አልፎ ጥርሴ ውስጥ ገባ። ጋሼ ራሳቸውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ለትንሽ ጊዜ ሰሟት። ከዚያ እጃቸውን አንስተው «አጥፋ» አሉኝ።

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ቫልቩ አዲስ ነው፤ ከሞቀ በኋላ ይቀመጣል፣ ክፍተቱ ይለወጣል። ሲበርድ እንለካዋለን። ነገ ከቅዳሴ መልስ እንዳትለኝ፤ ፀሐይ ግቢው ውስጥ ሳትገባ ና። ቁልፉን ግን እንዳትነካ።»

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስደርስ ቆርቆሮው በር ገርበብ ብሏል። ጋሼ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከመኪናዋ ጭራ ሥር ጎማ ላይ ተቀምጠዋል፤ የቫልቩን ክዳን ከፍተው መሬት ላይ ጋዜጣ አንጥፈው አስቀምጠውታል። በሁለት ጣታቸው 0.15 የሚል ቁጥር የተጻፈባትን ስስ የብረት ቅጠል ይዘዋል። መዳፌን ሞተሩ ላይ አደረግሁ። ቀዝቅዟል።

«ሦስተኛውን አንተ ለካው» ብለው ቅጠሏን ሰጡኝ።